የጋሽ ተስፋዬ ቁጥር

ባለፈው ማክሰኞ ሀርጌሳ ካለው ትንሽ የአውሮፕላን ሙዚየም ስወጣ ጥበቃው ቦርሳዬን እንድከፍት ጠየቀኝ። ትሕትና አልጎደለውም፤ ግን ግድግዳው ሥር ብዙ ቆሜ ስላየኝ ጠርጥሮኛል። አልተቀየምኩትም። መጠርጠርን እኔም አውቅበታለሁ። ድሬዳዋ ሳድግ እናቴ ከቁርስ ጋር የምታጎርሰኝ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ነበር።

ሙዚየሙ እኔ በወጣትነቴ ስሠራበት ሙዚየም አይባልም ነበር። መሐመድ ሞጌ ሰፈር ውስጥ ያለ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ በቀትር የሚንጣጣ መጋዘን ነበር። ባለቤቱን አዴር ጃማ እላቸው ነበር፤ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ወጣትነታቸውን ኢትዮጵያ ውስጥ አውሮፕላን ሲጠግኑ ያሳለፉ፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚሻል ሽማግሌ ነበሩ። ያገኙትን ሁሉ ይሰበስባሉ፦ የተጣመመ ፕሮፔለር፣ የአብራሪ ቆብ፣ የአብራሪ ክፍል መለኪያዎች፣ ሌላው ቀርቶ እረኞች ከሰማይ ወደቀ ብለው በግመል ጭነው ያመጡት የተቃጠለ ብረት። እሳቸው የሳተላይት ስባሪ ነው ይላሉ። እኔ የውኃ ቦቴ ክዳን ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ጥርጣሬዬ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ከቤተሰቤ ጋር ከድሬዳዋ ከመጣሁ በኋላ በሃያ ዓመቴ የቀጠሩኝ የጥገና ማስታወሻዎቻቸውን በአማርኛ ስለጻፉና እኔም አማርኛ ስለማነብ ነው። ማስታወሻውን አነባለሁ፣ ዕቃውን እመዘግባለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ። ዝናብ የጠፋበት ወቅት ነበርና ከሚኒባስ ስወርድ ጥርሴ መካከል ሳይቀር አሸዋ ይንቀጫቀጫል።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተስፋዬ የሚባሉ፣ በከተማው አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩ ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ይመጡ ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳምቡሳ ይዘው ይገቡና ሁለቱ ስለ ሞተር እያወሩ ሲሳሳቁ ያመሻሉ። አዴር ጃማ ያን ያህል ሲስቁ የማየው ያን ቀን ብቻ ነበር። የእኔ ዓይን ግን ከእንግዳው ቦርሳ ላይ አይነቀልም። ሳምቡሳው ተበልቶ አልቆ ቦርሳው ለምን አይቀልም? ለአሮጌ ብረትስ ይህን ያህል ፍቅር ከየት መጣ?

አንድ ሳምንት አዴር ጃማ የታመመች እህታቸውን ሊጠይቁ በርበራ ወረዱ። ሐሙስ ዕለት የአስር ሶላት ሰግጄ ከጓሮ ስመለስ ጋሽ ተስፋዬ እየወጡ ነው፤ ቦርሳቸው አብጧል። ሮጬ ግድግዳውን አየሁ። ከፍታ መለኪያው የለም። የዕቃው ቦታ እንዲታወቅ በጥቁር ቀለም የተሣለው ቅርጹ ብቻ ቀርቷል፤ ምስማሩ ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ናስ ተንጠልጥላለች። ሲነቅሉት የቀረ ስባሪ መሰለኝና ተናድጄ የብሎን ማጠራቀሚያ ጣሳ ውስጥ ወረወርኳት።

አዴር ጃማ ሲመለሱ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ባዶውን ምስማር ትክ ብለው አዩና «ቁጥሩስ?» አሉ። የምን ቁጥር ብዬ ጠየቅሁ። በጥገና ቤት ዕቃ የወሰደ ሰው በቦታው የራሱን ቁጥር ይሰቅላል፤ ያለ ቁጥር የጠፋ መፍቻ ሞተር ውስጥ ተረስቶ ሰው ይጨርሳል አሉኝ። ይህን ሳይነግሩኝ የቆዩት ቤት ሲገቡ ሰላምታ መስጠትን ያህል የታወቀ መስሏቸው ነው።

«ቁጥር ሳይሰቅል የወሰደ ከሌባ ይብሳል» አሉ።

ሲወጡ የብሎኑን ጣሳ ገለበጥኩት። ናሷ ላይ ሃያ ሰባት ተቀርጿል። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ማን ያውቃል፣ ቁጥሩም ማታለያ ቢሆንስ አልኩ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። አባቴ ሥራ ፈትቶ ነበር፤ ቤታችን የሚበላው በእኔ ነው። ፍርሃቴን ጥንቃቄ ብዬ ጠራሁት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሽ ተስፋዬ ሳምቡሳቸውን ይዘው መጡ። በፎጣ የጠቀለሉትን መለኪያ አውጥተው ቁልፉን ሲያዞሩት፣ ስንት ዘመን ደርቆ የኖረው ቀስት ተንቀሳቀሰ። ጠግነውት ነበር። ወዳጃቸውን በድንገት ሊያስደስቱ ነበር ሐሳባቸው።

አዴር ጃማ መለኪያውን አላዩም። «ተስፋዬ፣ ሳትሰቅል ወሰድክ» አሉ።

«ጋሽ ጃማ፣ ሰቅያለሁ። ሃያ ሰባቴን።»

«ምስማሩ ባዶ ነበር።»

ጋሽ ተስፋዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ሳህራ፣ አላየሽም?»

«አላየሁም» አልኩ። ወላሂ ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

መለኪያውን በቦታው ሰቅለው ወጡ። ሳምቡሳው ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም፤ ብዙም ሳይቆይ ከከተማው ተዛወሩ ሲባል ሰማሁ። አዴር ጃማ ግን እስኪሞቱ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ያቀርቡ ነበር። ልማድ ነው ይሉኝ ነበር። ያልጠረጠሩት ሰውዬ ናቸው የተመነጠሩት፤ እኔማ ሥራዬ ላይ ቆየሁ።

ይኸው ሃያ አምስት ዓመት ሆነ። ባለፈው ማክሰኞ፣ እስከ ዛሬ ደብቄ ያቆየኋትን ናስ ከመለኪያው አጠገብ ልሰቅላት ሄጄ ነበር። እጄን አነሣሁ፤ ሰው አየኝ አላየኝ ስል መልሼ ቦርሳዬ ከተትኳት።

ጥበቃው ከመሐረቤ ሥር አገኛትና አገላበጣት። መጋዘኑ ሙዚየም ከሆነ በኋላ ለጎብኚ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሌሎች የጥገና ቤት ቁጥሮች አየ፣ ከዚያ እኔን።

«እናቴ፣ ይህ የዚህ ቤት ነው?»

«የዚህ ቤት ነው» አልኩት። «እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

አለቃውን እስኪጠራ ወንበር ሰጠኝ። ተቀምጬ ጠበቅሁ።