ክር የምታህል ነጭ

ዴቃ እዚህ ድሬ፣ ታይዋን በምንለው ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። ደንበኛ ሁሉ ጨርቁን እያሸ "ቀለም ይለቃል?" ይላታል፤ እሷም "አይለቅም፣ ወላሂ!" ትላለች። ይለቃል። ከእሷ የገዛሁት ሸሚዝ ካልሲዎቼን ሁሉ ሰማያዊ አድርጎብኛል።

አምና፣ ድሬ ቀትር ላይ ሱቋን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት፣ ማስታወቂያ የምጽፍበት ቤት ድረስ መጣችና "ጋሽ ሣህሉ፣ ሥዕል አስተምረኝ" አለችኝ። እዚህ ከተማ አንቱ የሚባል ሰው ስለሌለ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት እንቅልፌን ስለነሳችኝ ነው።

"ምን ልትሥዪ ነው?"

"እህቴን። ኹርሲን።"

ኹርሲን የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ገና በሰባት ዓመቷ፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ወስዷታል። አስከሬኗ አልተገኘም፤ ፎቶዎቿም ከቤቱ ጋር አብረው ሄዱ። አሁን ደግሞ የእናትየውን፣ የሃሊሞን፣ ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው። ዴቃ የፈለገችው እናቷ ጨርሳ ማየት ሳይሳናት የልጇን ምስል እንድታይላት ነው።

እኔ ማስተማር የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የተሠራን አይቶ መገልበጥ። ግድግዳዬ ላይ በወጣትነቴ በውሃ ቀለም የሠራሁት ሥዕል ተሰቅሏል። ሰዎች በደረቁ የደቻቱ አሸዋ ላይ ይሻገራሉ፤ ጫት የተሸከመ ሰውዬ፣ ጀሪካን ያዘለች ሴት፣ ከኋላ ደግሞ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ሴት ልጆች።

"እሱን አስመስለሽ ሥሪ" አልኳት። "የምታዪውን እንጂ የምታውቂውን አትሣዪ።"

እጇ የተባረከ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ባለ ጫቱን ከእኔ አስበልጣ ሠራችው። ቀናሁባት፣ ምን እደብቃለሁ! ልጆቹ ላይ ስትደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። በሁለቱ እጆች መካከል ሁልጊዜ ክር የምታህል ነጭ ወረቀት ሳትቀባ ትቀራለች። አንድ ቀን የሠራቻቸውን አሥራ አንድ ቅጂዎች መሬት ላይ ደርድሬ አየኋቸው። አሥራ አንዱም ላይ ልጆቹ ተለያይተዋል። ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ በራሴ ሥዕል አጠገብ ሳልፍ እንኳ ቀና ብዬ ማየት ተውኩ።

"ተያይዘዋል እኮ!" ብዬ ጮህኩባት። "አንደኛው እጅ ሳይደርቅ ሌላውን አስነኪው!"

"ይለቃል።"

"ይልቀቅ! አቦ፣ ልቀቂው!"

ብሩሹ ከእጇ ወደቀ።

"ውሃው አልነጠቀኝም" አለች። "ሆዮ፣ እናቴ፣ ጣሪያው ላይ ሆና እኔን በአንድ እጄ ይዛኛለች፤ በሌላው እጄ እኔ ኹርሲን ይዣለሁ። ከዚያ ለቀቅኳት። ለእናቴም፣ ለሰው ሁሉም፣ ውሃው ነጠቀኝ ነው ያልኩት።"

"ለእናትሽ ንገሪያት" አልኳት። ምን አገባኝ ነበር? አሁን ድረስ ይቆጨኛል። ብቻዬን አልችልም ስላለችኝ አብሬያት ሄድኩ።

ሃሊሞ በሯ ላይ ጥላ ስር ተቀምጣለች። ዴቃ አንደኛውን ቅጂ ጭኗ ላይ አኖረችላትና እግሯ ሥር ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻት። በሱማልኛ ነው የተነጋገሩት፤ እኔም ድሬ ተወልጄ ሱማልኛ አይጠፋኝም። አሮጊቷ ወረቀቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ብዙ አየችው።

"አንቺ ምን አደረግሽ?" አለች በመጨረሻ። "ሁለታችሁን መጎተት አቃተኝ። ልቀቂያት ብዬ የጮህኩብሽ እኔ ነኝ።"

ዴቃ ራሷን ነቀነቀች። "አልሰማሁሽም፣ ሆዮ።"

"ሰምተሻል" አለች ሃሊሞ። "እሷም ሰምታኛለች። ቀና ብላ አየችኝ።"