ኦቦ ገመቹን ይቅር ያልኩበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። አሥራ አራት ዓመት ዋጥ አድርጌ ኖሬያለሁ። ዛሬ እናገራለሁ፤ እናንተም ፍረዱብኝ እንጂ አትዘኑልኝ።

የመስቀል ማግስት ነው። ባለቤቴን አስቴርንና የሰባት ዓመት ልጃችንን ሃናን ይዤ ከመቱ ወጣሁ፤ ሶር ፏፏቴን ላሳያቸው። መኪና ከሚቆምበት በኋላ መንገዱ በጫካ ውስጥ ቁልቁል ስለሆነ እንግዳ ብቻውን አይወርድም። ያወረዱን ኦቦ ገመቹ ነበሩ፤ እዚያው ተወልደው ያረጁ፣ እንግዳ በመምራት የታወቁ ሰው። አስቴር ጉልበቷን አመማትና መሃል መንገድ ላይ ቁጭ አለች። እኛ ታች ደረስን። ውሃው ጉድ ነው! ርጭቱ ከሩቅ ፊት ያርሳል። ኦቦ ገመቹ በዱላቸው አንድ አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ አሳዩኝና፣ "እዚያ ላይ እንዳትወጡ፣ ያንሸራትታል" አሉኝ። ከዚያ አስቴርን ደግፈው ሊያመጡ ተመለሱ።

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልም። ግን ፎቶው እንዲያምርልኝ ልጄን ድንጋዩ ላይ አቆምኳት። "ትንሽ ወደ ኋላ፣ የኔ ቆንጆ" ያልኳትም እኔ ነኝ። ወደቀች። ክንዷ ተሰበረ።

ጩኸቷን ሰምተው ኦቦ ገመቹ እየሮጡ፣ አስቴርም እያነከሰች መጡ። "ማነው እዚያ ላይ ያወጣት?" አለች አስቴር። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "እሳቸው ናቸዋ! ሳይሄዱ ምንም አይልም ብለውን ነው" አልኩ። ኦቦ ገመቹ አዩኝ። ነጠላቸውን ቀደው ክንዷን አሰሩላትና ያን ሁሉ ዳገት አዝለዋት ወጡ። ሃና ጀርባቸው ላይ ሆና እያለቀሰች፣ "አባዬ ነው ቁሚ ያለኝ" አለች። "ሕመሙ ነው የሚያስቀባጥራት" አልኩ። የልጄንም ቃል አስተባበልኩ!

ለምን አልተከራከሩኝም? እኛ ዘንድ እንግዳ አደራ ነው። በእጅህ እያለ ከተጎዳ፣ ያጠፋው ማንም ይሁን ማን፣ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። አውቄ ነው የተደበቅኩበት።

በሳምንቱ ማር አስይዘው ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ መጡ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ደጄ ላይ ቆመው፣ "ልጅህ በእጄ ላይ ተጎዳች፣ ይቅር በለኝ" አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ "ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ" አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። አስቴር እንኳን፣ "ትልቅ ሰው ሆንክልኝ" ብላ አለቀሰች። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ማሩንስ በምን አንጀቴ ዋጥኩት? በላሁት እኮ!

ከዚያ በኋላ ልጅ ያሰበሩ ሽማግሌ ተባሉ። እንግዳ የሚከተላቸው ጠፋ። ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁትን መንገድ ትተው ቤት ዋሉ። እኔ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሰሞን ሃና ለቅዳሜ ሶር እንሂድ አለችን። ቀጥላም፣ "ብቻ እኒያ ክንዴን ያሰበሩኝ ሽማግሌ እንዳይመሩን" አለች። ያኔ ጀርባቸው ላይ ሆና እውነቱን የተናገረችው ልጅ እኮ ናት! ውሸቴን አምና አድጋለች።

ቅዳሜ እንሄዳለን። ኦቦ ገመቹ በሕይወት አሉ፤ ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ እሳቸው ደጅ እቆማለሁ። ከሽማግሌዎቹ የቀሩትን ሁለቱን አስጠርቻለሁ። ሚስቴና ልጄ እየሰሙ፣ ጎረቤቱም እንዲሰማ በኦሮምኛ፣ "ሶቤራ፣ ዋሽቻለሁ" እላለሁ። ደንግጬ ነው አልልም። ወጣት ነበርኩም አልልም። አስቴር ምን ትለኝ ይሆን? ያለችውን ትበል፣ ወደኋላ አልልም። ያን ቀን ለእሳቸው የሰጠሁት ይቅርታ የእኔ አልነበረም፤ በሰው ፊት እመልሰዋለሁ። ይቅር ማለት የእሳቸው ነው። እምቢ ካሉኝም ልክ ናቸው።