ከአልጋ የሚታየው በረንዳ

ሰፈሩ በሙሉ አባ ጠይም ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። በረንዳ ሊቀባ በተጠራበት ቤት ባለቤቶቹ ነጭ ካሉት፣ "ነጭማ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፤ በሳምንቱም ቡራቡሬ ይሆንባችኋል" ይላል። ጠቆር ያለ ግራጫ ካሉት ደግሞ፣ "ምነው፣ ሐዘን ልትቀመጡ ነው?" ይላቸዋል። "በረንዳ ጠይም ሲሆን ነው የሚያምርበት። ከነጩም ከጥቁሩም መሃል።" እንዲህ እያለ አርባ ዓመት የሰው በረንዳ ሲያጠይም ኖረ።

አመራረጡም የራሱ ነበር። ቀለሙን ጣውላ ላይ ቀብቶ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ እርጥብ ቀለም ዋሾ ነው ባይ ነው። ከዚያ፣ "የምትቀመጡት የት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ቆሞ ቀለም መምረጥ እሱ ዘንድ ክልክል ነው። ባለቤቶቹን ከሚቀመጡበት ቦታ አስቀምጦ፣ ጣውላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጠዋት ያሳያቸዋል፤ ቀትር ላይ ያሳያቸዋል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ይመለሳል። የሰለቸው አንድ ሰውዬ፣ "ኧረ ቀለም እንጂ ሚስት አልመረጥን!" ቢለው፣ "ሚስትንማ አንዴ ብቻ አይተህ ስለወሰድክ አይደል የምታማርረው?" ብሎ የሰውየውን ሚስት ሳይቀር አስቋቸዋል።

የራሱ ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው፣ በረንዳው የተለሰነበት ሲሚንቶ አንድ ጠብታ ቀለም አላረፈበትም። ሚስቱ በየዓመቱ ታነሳበታለች፤ እሱም በየዓመቱ፣ "ይቺን የያዝኳትን ሥራ ልጨርስና" ይላታል። ሴትዮዋ ምላሷ ምላጭ ነው። የቀባውን የሰው ቤት በመንገድ አልፋ አይታ መጥታ፣ "ጥጉ ጋ ፈሷል" የምትል ናት። ሸሚዝ ገዝቶ፣ "አምሮብኛል?" ካላት፣ "አላማረብህም" ነው መልሷ። ለማስደሰት ብላ መዋሸት አልፈጠረባትም። ይናደዳል፤ ግን በዓለም ላይ እንደሷ የሚያምነው ሰው አልነበረም።

ከዚያ አልጋ ያዘች። ሐኪሙ ልጃቸውን ወደ ጎን ጠርቶ፣ "ቤቷ ትሁን። የምትወደውን አድርጉላት" አላት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያጣውም። አልጋዋን ከበረንዳው መስኮት ሥር አደረጉላት። አንድ ቀን ጠዋት ያንን ባዶ ሲሚንቶ ስታይ ቆየችና፣

"አንተ ሰውዬ፣ ይኼንን እያየሁ ልሙት?" አለችው።

አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ሚስት ሲቀባ ኖሮ ለሷ የቀረው ጊዜ ይቺው ናት።

"ምን ዓይነት ላድርግልሽ እሜቴ?" አላት።

"ብቻ ነጭ አታድርገው፣ መኝታ ክፍሌ ውስጥ አምፖል የበራ ነው የሚመስለኝ። ጥቁርም አታድርገው፣ እሱን እደርስበታለሁ።"

ከቁም ሣጥን ጀርባ የቆዩ ጣውላዎቹን አወጣ። ከብዙ ዓመት በፊት የቀባቸው፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖራቸው አምስት ጠይም ቀለሞች ናቸው። ሦስት ቀን ጠዋት ማታ ሲደረድርላት ከትራሷ ላይ ሆና አየቻቸው። በሦስተኛው ቀን በጣቷ ጠቆመች፤ አመድ የነካው የሚመስል፣ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሸክላ።

"ይኼኛው" አለች። "ሙቀት አለው።"

እዚህ ላይ ሰውየው ደብቆት የኖረውን ነገር መናገር ግድ ነው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል። ነገር ሁሉ ሻይ የተደፋበት ይመስለዋል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ዓይኔ ደከመ ያለን ቀለም ቀቢ ማን ይጠራዋል? ቀለም ሻጩ፣ "ጣውላውን ስጠኝ፤ ማሽኑ ልኩን ያውጣልህ" ሲለው ቱግ አለ። "ማሽን ሊያስተምረኝ ነው? እኔ በዓይኔ ነው የምበጠብጠው!" ብሎ ቀዩን ቀለም በቆርቆሮ ተሸክሞ ወጣ።

ማደብዘዣዎቹን በትንንሽ ጠርሙስ አድርጎ ከድሮ ጀምሮ ቤቱ ያኖራል። በላያቸው የተጻፈው ቀለም እየተንጠባጠበበት ከጠፋ ቆይቷል፤ አይቶ ነበር የሚለያቸው። ቀዩን ለማብረድ የሚጨመረው ጥቁር ነው። እጁ የገባው ግን ጥቁር ሰማያዊው ላይ ነው። ለዚያ ዓይን ሁለቱም ያው ናቸው። በጠበጠ፤ ጣውላውን አስጠግቶ አየ፤ አንድ መሰለው። ግድግዳው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቀለሙ አለቀበት። በማግስቱ ሌላ በጠበጠና ቀጠለ። ወገቡ እየተቆረጠ፣ ደስ እያለው።

ልጁ ውሃ ይዛለት ወጥታ ነበር። ግድግዳውን ስታይ ክው አለች። "አባዬ..." ከማለቷ እናቷ ከውስጥ፣ "ልጄ፣ ነይ እስኪ ትራሴን አስተካክይልኝ" ብላ ጠራቻት። ስትመለስ ውሃውን አቀብላው ገባች።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ጨርሶ፣ ብሩሹን እንደያዘ አልጋው አጠገብ ቆመ። ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ።

"እህስ?"

ወደ ግድግዳው ዞራ አየች። "ራሱ ነው" አለች።

"ጥጉ ጋ አልፈሰሰም?"

"አልፈሰሰም። እጅህ ይባረክ።"

በዕድሜው ብዙ ሰው አመስግኖታል። እንደዚያን ቀን ግን ደስ ብሎት አያውቅም። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖረች። በገባ ቁጥር መስኮቱ ክፍት ነው፣ ፊቷም ወደ በረንዳው ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ዐረፈች። ሲያለቅስም እንኳ፣ ቢያንስ በረንዳዋን አደረስኩላት እያለ ነበር የሚጽናናው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ ሲቀዳ ልጁ አየችውና እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሞራው ተገፈፈለት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ፋሻው በተፈታለት ቀን የቤቱን በር ከፍቶ ሲገባ በረንዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ማነው ይኼን የቀባው?" አለ።

ልጁ መሬት መሬቱን አየች።

ግራው እንደ በለዘ ጉንጭ ነው። ቀኙ ከዚያም የባሰ፣ ያረጀ ጉበት የመሰለ። ጣውላውን አምጥቶ አስደገፈው፤ ሰማይና ምድር ናቸው። ወደ ክፍሉ ገባና፣ ልማዱ ነውና፣ ከምታይበት ቦታ ሊያየው አልጋዋ ላይ ተጋደመ። ከትራሱ ላይ የሚታየው ሁለቱ ቀለሞች የተጋጠሙበት መስመር ነው፤ ሌላ የሚታይ የለም።

"ታውቅ ነበር?" አለ።

"ከመጀመሪያው ቀን" አለችው ልጁ ከበሩ። "'ዓይኑ ሄዷል። እኔ እስክሄድ ምንም እንዳትነግሪው' ብላ አደራ አለችኝ።"

"እና አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ይኼን ስታይ ነበር?"

ልጅቷ ፊቷን አዞረች። እሱ ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም፤ አሁን ደህና አድርጎ ያያል።

"አታይም ነበር አባዬ። አንተ ስትወጣ፣ 'መጋረጃውን ዝጊልኝ፣ ይረብሸኛል' ትለኛለች። የእግርህን ኮቴ ስትሰማ ደግሞ፣ 'ቶሎ ክፈቺው፣ መጣ' ትላለች።"

ይህን ብላ አለቀሰች። መጋረጃውን ልትዘጋለት እጇን ስትዘረጋም፣ "ተዪው" አላት። ያንን ግድግዳ እዚያው እንደተጋደመ እስኪመሽ ድረስ አየው።