በጫልቱ አንገት ላይ የቀረው

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የተነሣሁት፤ ታግሣችሁ ስሙኝ።

እኔ የያዮ አገር ሴት ነኝ። ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ባሌን ጫካ ውስጥ ገደለብኝ። በዚያው ሰሞን ልጄ ጫልቱ ከጆሮዋ ሥር አበጠች። ቃልቻ ቤት ወሰድኳት፤ ዶሮ አሳረደኝ፣ ክታብ አሰረላት። እብጠቱ ግን እያደገ አንገቷን ሞላው፤ ወተት እንኳ መዋጥ አቃታት።

ጎሬ ከተማ የጣልያን ሐኪም አለ ሲሉኝ፣ የባሌ ገዳዮች ደጅ አልቆምም ብዬ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራት ግን አዝያት ወጣሁ።

ጎሬ ያሳደሩን እትዬ ወርቄ የሚባሉ አማኝ ናቸው። ወንጌል ያስተማሯቸውን ሚሲዮኖች ጣልያን አባሮ ስለነበር፣ እሳቸውና ጥቂት ሰዎች በር ዘግተው ነበር የሚጸልዩት።

ሐኪሙ አንገቷን ዳስሶ፣ ነቀርሳ መሆኑን በአስተርጓሚ ነገረኝ። አደንዝዞ ቀደዳት። ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር።

«የቻልኩትን አውጥቻለሁ» አለኝ። «ከትልቁ የደም ሥር የተጣበቀውን ግን ብነካው እዚያው ትሞት ነበር። ተመልሶ ያድጋል፤ አልዋሽሽም።»

ወደ ቤታቸው ስንመለስ እትዬ ወርቄ ማድ ቤት ውስጥ ልጄ ላይ እጃቸውን ጭነው በኦሮምኛ ጸለዩ። የዋቃን፣ የፈጣሪን ስም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ለእኔ ግን ሩቅና የሚያስፈራ ነበር። እሳቸው «አባ ኮ፣ አባቴ» እያሉ፣ አጠገባቸው እንደተቀመጠ ሰው ሲያናግሩት ሰማሁ። እዚያው ማድ ቤት ተንበርክኬ፣ ብትኖርም ብትሞትም ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነኝ አልኩት። ሃሌሉያ!

ክረምቱ አልፎ ቡናው ሲቀላ ተመልሰን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። አንገቷን ዳሰሰ፤ ደግሞ ዳሰሰ፤ እብጠቱን ፈልጎ አጣው። ምን እንዳደረግሁላት አስጠየቀኝ። ጸለይን አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ይህ የእኔ እጅ ሥራ አይደለም» አለ።

ያን ሰው እየጠላሁት ነበር ደጁ የቆምኩት። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ እጁን ሳምኩት። ይህን ያደረገ ጌታ ስሙ ይባረክ!

ልጄ ይቻትና፣ እዚህ መካከላችሁ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቢላው ጅማት ስለነካባት አፏ በአንድ በኩል አይገጥምም፤ እንደዚያም ሆኖ ስትዘምር ትሰሟታላችሁ። ለእኔ ይህን አድርጎ ልጇ ለሞተባት እናት ለምን እንዳላደረገ አላውቅም፤ ይህን ሳስብ እፈራለሁ፣ እሰግዳለሁም። የታመመ ልጅ ያላችሁ፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ እየሄዳችሁም አባታችሁን ጥሩት። ይሰማችኋል።