እማማ ሐዋ ያልበሉት ገንፎ

ባለፈው ቅዳሜ ነቀምቴ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ጆንያ ላይ ባሰጣችው ደረቅ ባሚያ አጠገብ ሳልፍ ሽታው አስቆመኝ። ለማያውቀው ሰው ገለባ ገለባ የሚል ተራ ሽታ ነው፤ እኔን ግን ከዚያ ሁሉ የባጃጅ ጩኸት አውጥቶ አሶሳ አጠገብ ካለች የበርታ መንደር፣ እማማ ሐዋ ደጃፍ አስቀመጠኝ። ምን እንደማደርገው ሳላውቅ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ክልሉም አዲስ ነበር፤ አሶሳ ላይ የየቢሮው ታፔላ ቀለሙ ሳይደርቅ የተሰቀለ ይመስላል። ስምንት የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች አንድ ጊታር፣ አንድ ሜጋፎንና ልክ የሌለው ድፍረት ይዘን፣ በክረምት ጭቃ ሁለት ቀን በአይሱዙ ተንገላተን ደረስን። ለወንጌል አገልግሎት ስወጣ የመጀመሪያዬ ስለነበር እናቴ ሐዋርያ የወለደች ይመስል ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ሜጋፎኑ ገና በመጀመሪያው ቀን ዝናብ ገብቶበት ዝም አለ፤ አሁን ሳስበው ከሁላችንም ብልሁ እሱ ነበር።

ወንዶቹ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲያድሩ እኔንና ሁለት እኅቶችን የተቀበሉን እማማ ሐዋ ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ረጅም፣ ከሰፋሪዎች ጋር ሲገበያዩ የለመዷትን አማርኛ ያለ ስስት የሚናገሩ ሙስሊም እናት። አዝመራው ገና ስላልደረሰ የማሽላ ጎተራቸው ሊያልቅ ተቃርቧል። መሪያችን ተሊላ በደረስን ማግስት፣ ለመንደሩ ሰዎች ስንል ከውሃ በቀር ምንም የማንቀምስበት የሦስት ቀን ጾም አወጀ። እማማ ሐዋ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሠርተው ሲያቀርቡልን ጾመኞች መሆናችንን ነገርናቸው። ደስ አላቸው። “ጾም ጥሩ ነው፤ እኔም ረመዳን ይጾማል” ብለው ሳህኑን ከደኑትና ጀንበር ስትጠልቅ አሙቀው መልሰው አመጡት። ማታም እንደማንበላ ስንነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

“ማታ የማይበላ ጾም፣ ምን ጾም ነው? ወይስ የእኔ እጅ ቆሻሻ ነው?”

ሦስታችንም ተሽቀዳድመን አይደለም አልን፤ ሳህኑን ግን አልነካነውም።

በሁለተኛው ቀን እማማ ሐዋ ከአረም ሲመለሱ ውሃ ልቀዳ ጓዳ ገባሁና ገንፎውን እንደተከደነ አየሁት። እርስዎስ አይበሉም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“እንግዳ ቤት አለ፤ አልበላም። እኔ እንዴት ይበላል?” አሉኝ፣ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንደሚነግሩኝ ሁሉ፤ ከዚያም እንጨታቸውን መስበር ቀጠሉ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር።

ለተሊላ ልነግረው ተነሣሁ፤ ግቢው መሐል ስደርስ ግን ቆምኩ። የቡድኑ ትንሿ እኔ ነኝ፤ ረሃብ አሸንፏት በሴትዮዋ አሳበበች እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሌሎቹ ግቢው ዳር ባለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ነበር፤ መሐላቸው ተንበርክኬ ለእማማ ሐዋ ጮክ ብዬ ጸለይኩላቸው። ጓዳ ሆነው ሳይሰሙኝ አልቀሩም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ጾሙ ሲፈታ አንድ ገበታ ላይ ተቀመጥን፤ እማማ ሐዋ የመጀመሪያውን ጉርሻ እሳቸው ሳይቀምሱ ለእኔ አጎረሱኝ። እንባዬ ሳህኑ ላይ እየተንጠባጠበ በላሁ። እኅቶቹ መንፈስ ነክቷት ነው አሉ፤ እኔም አላረምኳቸውም። ነቀምቴ ተመልሰን ሦስት ቀን እንደጾምን ስንመሰክር ምእመናን እልል አሉ፤ ያኔም ስለ እማማ ሐዋ አልተነፈስኩም።

ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ካረፉ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ባሚያ በቅሏል። በጭቃ እየዘመረች የወጣችው፣ ያኔ የነበርኳት ምንም የማትጠራጠር ልጅም የት እንደቀረች አላውቅም፤ እሷም ትናፍቀኛለች፣ እሳቸውን ያህል ባይሆንም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጾሜያለሁ፤ እንደሳቸው ለማንም ሳልናገር የጾምኩት ጾም ግን አንድም የለም።

ባሚያውን እሑድ ሠራሁት። ገንፎው እንደሳቸው አልሆነልኝም፤ ቢሆንም አቀረብኩት፤ ከዚያም ሳህኑን ከድኜ፣ የሚመጣ እንግዳ እንደሌለ እያወቅሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አጠገቡ ተቀመጥኩ።