ክዳኑ ውስጥ የቆየችው የገና ዱላ

ከመርሳ ገበያ ወረድ ብሎ ያለው ቤታችን ሁለት ክፍል ቆርቆሮና ከጓሮው አንዲት የሣር ማድ ቤት ነው። የማድ ቤቷ ክዳን አርጅቶ ያፈሳል። ሰው ሁሉ አሳድሺው ይለኛል፤ እኔ እምቢ እላለሁ። ከምድጃው በላይ፣ ሣሩ ውስጥ፣ ባለቤቴ ትቷት የሄዳት የገና ዱላ ስላለች ነው።

ወይራ ናት። የዛሬ አራት ዓመት በክረምት ጫፉ ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ ከወንዙ ማዶ ፈልጎ አመጣ፤ እኔ ገበያ ውዬ እስክመለስ ልጦ አስተካከለና ቆልማማው ጫፏ ብቻ ወደ ታች እንዲታይ አድርጎ ክዳኑ ውስጥ ሸጎጣት። ጭስ የጠጣ ዱላ አይሰነጠቅም ይላሉ የእኛ ሰዎች። «ለገና ትደርሳለች» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ደረሰ። ሐራ ያሉ እናቴን ላምጣ ብሎ በማለዳ ወጣ። እናቱ በሌላ መንገድ፣ ከሚሸሸው ሰው ጋር ተቀላቅለው ወልድያ ገቡ። እሱ ግን እዚያም እዚህም አልገባም።

መርዶ የነገረን የለም። መርዶ ካልተነገረ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም፣ ተዝካርም አይወጣም። አማቴ «የሞተ ልጅ የለኝም» ብለው ጥቁር አልለበሱም፤ እኔም አልለበስኩም። ባለቤቴ በሞትና በሕይወት መሀል ሆኖ ቤታችን ውስጥ ኖረ። እሳት ሳያይዝ ጥላሸቱ ብን ብሎ ሲወርድብኝ ቀና እላለሁ። አይጥ ነክቷት ኳ ስትል እሱ በር ያንኳኳ ይመስለኛል። ልጆቹን «ማንም እንዳይነካት» ብዬ አስጠንቅቄያለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ሲንጫጫ የማወጣው ድምፅ አለኝ፤ ያስጠነቀቅኳቸው በዚያ ድምፅ ነው።

ዘንድሮ ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጄ ማድ ቤት ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስድስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ሲሄድ ሁለት ዓመቱ ነበር። ወደ ላይ እያየ፣ «እማዬ፣ አባዬ ማለት እሷ ናት?» አለኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ኋላ ነው የገባኝ። ስለ አባቱ በጠየቀኝ ቁጥር አፌ ይዘጋና ዓይኔ ወደዚያ ይሄዳል። ልጁ ሌላ ምን ይወቅ? ፈራሁ። ከአባቱ የሚያውቀው አንድ ጥላሸት የለበሰ እንጨት፣ ከገናም የሚያስታውሰው ዳቦ ተቆርሶ ሁላችንም ዝም የምንልበት ቀን ብቻ ሆኖ ሊያድግብኝ ነው።

በማግስቱ ሁለቱንም ልጆቼን አስቀምጬ በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ዕቅድ አወጣን። «ብር የማይጠይቅ ነገር ብቻ» አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት የደረሰችው ልጄ ጸሐፊ ሆነች። ዋዜማውን ዳቦው ሳይጋገር ሁላችንም በጣታችን ምልክት እናደርግበታለን። ብርቱካን ይዘን ወንዝ እንወርዳለን፤ ልጣጩን ሳይበጥስ የላጠ ያሸንፋል። እዚያው ሆነን እያንዳንዳችን ስለ አባዬ አንድ ነገር እናወራለን፤ ይህችን ያስገባችው እሷ ናት፣ ወደ እኔ ሳታይ። የወንድሟ ተራ ሲደርስ፣ «ገና እንጫወት። በሷ» አለ፣ ወደ ማድ ቤቱ እየጠቆመ። ልጄ እስክሪብቶዋን አቆመች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት፤ እንደ እኔ ሆዷ ባብቶ ነው ብዬ አለፍኩት። «ጻፊ» አልኳት።

እኔ ላወርዳት አልደፈርኩም። ጎረቤታችንን ሽማግሌውን ጠራኋቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ጉልበታቸው ሳይደክም ግን ገና በመጣ ቁጥር ከባለቤቴ ጋር አንድ ወገን ሆነው ሩሯን፣ ያችን ድብልብል እንጨት፣ ሲያሳድዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አባባ፣ አንቱ ያውርዱልኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ» አልኳቸው።

«አብሽሪ ልጄ» አሉና በርጩማ ላይ ወጡ። «ቢስሚላህ» ብለው ሳቡ።

ሣርና ጥላሸት ተደፋ። በቀዳዳው ፀሐይ ገብታ ምድጃው ላይ አረፈች። ሽማግሌው ዱላዋን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው መሬት ላይ አቆሟት። ከጉልበታቸው ብዙም አላለፈች።

«ይቺማ የሱ አይደለችም» አሉ። «እሱን የሚያህል መለሎ በዚች እንዴት አርጎ ይመታል? የልጅ ናት።»

ያኔ ወንዱ ልጃችን ገና ዳዴን ጨርሶ መሮጥ የጀመረ ሕፃን ነበር፤ ለእሱ ልትሆን አትችልም። ዞር ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማለች።

«የኔ ናት» አለች።

ትዝ አለኝ። ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው ገና ከወንዶቹ ጋር እጫወታለሁ ብላ ስታለቅስ፣ «ሴት ልጅ ገና አትጫወትም» ብዬ እየጎተትኩ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። አባቷ ያን ቀን ከደጅ ቆሞ ያየን ነበር። ክረምቱን ጠብቆ ዱላ ቆረጠላት። ለማን እንደሆነች አልነገረኝም፤ እኔም የራሱ ናት ብዬ አልጠየቅኩትም።

«ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«አባዬ ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ ለገና እናወርዳታለን ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንቺ ማንም እንዳይነካት አልሽ። እያየሻት ታለቅሺ ነበር።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ የቆጡን ልጠብቅ ብዬ ነው የብብቴን የጣልኩት። ልጄ አራት ገና ሙሉ ከታች ሆና የራሷን ዱላ ቀና ብላ እያየች አደገች። ተናደድኩ፤ በራሴ፣ ምስጢሩን ይዞ በሄደው በእሱም። ሽማግሌው እንደገና «አብሽሪ» አሉኝ።

የገና ዕለት በዕቅዱ መሠረት ወንዝ ወረድን። ብርቱካኑን ያሸነፈ የለም፤ የሁላችንም ልጣጭ ተበጠሰ። ልጄ ተራዋ ሲደርስ ወንድሟን፣ «አባዬ ምን ያህል ረጅም እንደነበረ ታውቃለህ? በበር ሲገባ ጎንበስ ይል ነበር። እማዬን ግን ይፈራት ነበር» አለችው። ልጁ እስኪንፈራፈር ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። የእኔ ተራ ሲደርስ ብዙ አወራሁ፤ አንድ ብቻ የሚለውን ሕግ ያፈረስኩት እኔው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ማሽላው ወደ ተነሳበት ማሳ ሄድን። ልጁ በዱላዋ ሩሯን እየመታ ሮጠ፤ ሲደክመው ለእህቱ ሰጣት። ከዳር የቆመ አንድ ጎልማሳ፣ «ሴት ልጅ ደሞ?» ሲል ሽማግሌው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው አስቆሙት። እኔም ልጄን ልመልስ ብዬ ያን የክፍል ድምፄን አላወጣሁም።

ዱላዋ ስላጠረችባት ወገቧን ሰብራ፣ መሬት ልትነካ ምንም ሳይቀራት ነው የተጫወተችው። አንድ ጊዜ ብቻ ሩሯን አገኘቻት። ወደ እኔ ስትመጣ አልቧታል፤ እጇ በጥላሸት ጠቁሯል።

«ትንሽ ብትረዝም ጥሩ ነበር» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።