በዘርፌ ጣሪያ የተነሣ ጎንደር ደርሰን መጣን

ኮሶዬ አጠገብ፣ ሐሙስ ማለዳ

ከሁሉ አስቀድሜ በደሉን ላስመዝግብ። ጎረቤቴ ዘርፌ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ መሬቷን በእኩል የምታሳርስ፣ ልቧን የሚያማት ሴት ናት። እንደሷ ላሉ አቅመ ደካሞች የጤና መድህኑን መዋጮ መንግሥት ስለሚከፍል በነጻ ትታከም ነበር። ዘንድሮ ግን ካርድሽ አይታደስም አሏት። ምነው ብንል፣ ቤቷ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ቆርቆሮ ያለው ደሃ አይባልም።

ያን ቆርቆሮ ያለበስናት እኛ ነን። የሣር ቤቷ በተቃጠለ ጊዜ እድሩ ቆርቆሮ ገዛ፣ መንደርተኛው በደቦ ወጥቶ ሠራላት። ጣሪያው ላይ ወጥተው ሚስማር ከመቱት አንዱ አያ ተገኘ ናቸው። ዛሬ በነጻ የሚታከመውን የሚለየው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው፣ ባለ ቆርቆሮ ናት ብለው የሰረዟትም እሳቸው ናቸው።

ቀበሌ ብንሄድ “መመሪያ ነው” አሉን። ወረዳ ብንሄድ “ቀበሌያችሁን ጠይቁ” አሉን። መድኃኒቷ ሊያልቅ ነው። ስለዚህ ጎንደር እንሄዳለን።

ጭጋጉ ከገደሉ አፋፍ ገና አልተነሣም። ከዳባት የመጣ ሚኒባስ አቆመልን። ውስጡ የድንች ጆንያ፣ የነጭ ሽንኩርት ሽታ፣ እግሯን የታሰረች ዶሮ። ዘርፌን መስኮት ሥር አስቀምጬ እኔ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥሁ።

ቁልቁለቱ ላይ

“እማማ፣ ለሕክምና ነው?” አለኝ ሾፌሩ።

“ለጣሪያ ነው” አልሁት።

ነገሩን ብዘረዝርለት ሳቀ። “ይሄማ ቀላል ነው። ኮሚቴው ሲመጣ ቆርቆሮውን በሣር ሸፈን ማድረግ ነው።”

“ሣሩን እኔ አዋጣለሁ” አለች ዶሮዋን የያዘችው ሴት። መኪናው በሳቅ ሞላ።

ዘርፌ ከመስኮቱ ዞረች። “ሰው ያለበሰኝን ልብስ ልሸሽግ?” አለች። “ካርዱ ይቅርብኝ።”

ሳቁ ቆመ። ሾፌሩ በመስታወቱ አያትና “አጥፍቼ እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ” አላት። ስንወርድ የሷን ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ገንዘቡን መለሰ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ገብሱ በግራ በቀኝ አረንጓዴ ነው። በዚሁ መንገድ ስንቱ በሽተኛ በቃሬዛ አልፏል። አክስቴን የእድሩ ወንዶች እየተፈራረቁ ሲሸከሟት ጎንደር መዳረሻ ወለቃ ሳይደርሱ ነው ያረፈችባቸው። ያኔ የደሃ መድህኑ የጎረቤት ትከሻ ነበር። አሁን ሐኪም ዘንድ የሚያስገባ ካርድ መጣ፣ ተመስገን። እኔ የምለው፣ ጎረቤት የደገፈው ሰው በመደገፉ አይቀጣ ነው።

ጎንደር፣ ረፋድ

ባጃጁ አቀበቱን እያቃሰተ ከጤና መድህን ቢሮው ደጅ አደረሰን። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ። የያዝነውን የገብስ ቆሎ አዞርን፤ ቆሎ ሲዞር ወረፋም ያጥራል። ተራችን ሲደርስ ያገኘናት ባለሙያ ልጅ እግር ናት። ከወንበሯ ተነሥታ ዘርፌን ደግፋ አስቀመጠቻት።

“መስፈርቱ የቤት ክዳን ያያል፣ እማማ” አለች ሰምታን ስታበቃ።

“ክዳኑን የሰጠውንስ አያይም?”

“ማነው የሰጠው?”

“እኛ ነና። የዘርፌ የሚባለው ከጣሪያው በታች ያለው ነው፤ እሱም አንድ መደብና አንድ ማሰሮ ነው። ከፈለግሽ ሄደን ቆርቆሯችንን እንንቀል። ያኔ ደሃ ናት ትያለሽ?”

“ኧረ እማማ” ብላ አፏን ይዛ ሳቀች። መልሳም ኮስተር አለች። “ሲሰርዟቸው ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር?”

“የለም። ኮሚቴው ከመንገድ ሆኖ ጣሪያ እያየ ነው ያለፈ።”

“እንዲያማ አይሆንም። ማን እንደቸገረው መንደርተኛው መመስከር አለበት።”

እዚያው ስልክ አንሥታ ቀበሌያችን ደወለች። እሑድ ሰው ተሰብስቦ ነገሩ እንደገና እንዲታይ፣ ዘርፌም እስከዚያ በያዘችው ካርድ እንድትታከም ነገረችልን። እኔ ለጠብ ስንት ቃል አሰናድቼ መጥቼ ነበር። ሁሉም ቀርቶ መረቅኋት፤ “እናትሽ ደስ ይበላት” አልኋት።

ከሰዓት በኋላ ዘርፌ ሐኪም አያት፣ መድኃኒቷንም ተቀበለች። ከሆስፒታሉ ማዶ ሽሮ በላን። “ሽሯቸው ሸጋ ነው፣ ጨው ግን ፈርተዋል” አለች። እንዲህ ማማረር ስትጀምር ደኅና መሆኗን አወቅሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ፀሐይዋ ከሸንተረሩ ጀርባ ልትገባ ነበር። ከመንገዱ ቁልቁል ስናይ የዘርፌ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። እሷ ቆም ብላ አየችው፣ እኔ ሰብሳቢውን እያሰብሁ ተናደድሁ።

እሑድ፣ መንደራችን

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰበሰበ። ዘርፌ ከሴቶቹ ኋላ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። አያ ተገኘ ተነሥተው ስለ መመሪያው ብዙ ተናገሩ። እኔም ተነሣሁ።

“አያ ተገኘ፣ ያን ሚስማር የመቱት ለሀብታም ነበር?”

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ቆርቆሮ ያለው ይውጣ ቢሉኝ ቆርቆሮ ብቻ አየሁ” አሉ። “ለሷ ባደላ የደቦ ባልንጀራውን ጠቀመ እንዳልባል ፈራሁ።”

“ታዲያ አሁንስ?” አለ አንዱ ከኋላ።

አያ ተገኘ ወደ ዘርፌ ዞሩ።

“ቆርቆሮው የእኛ ነው” አሉ። “ካርዱ የሷ ነው።”